አንዲት ጠርሙስ ከጭራ እስከ ጅማ

ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ጅማ

የልጅ ልጄን ኢክራምን ከጭራ ከተማ ለማምጣት ሐሙስ ጠዋት መንደራ ቆጪ ካለው ቤቴ ተነሣሁ። ይህ ጉዞ ባይኖርም ይቻል ነበር። እንዲኖር ያደረገው የልጄ የአብዱ የሰዓት አነባበብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢክራም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከዓመት በላይ ሆኗታል፣ በአባቷ የሱቅ ስልክ፣ በኢንተርኔት፣ ስለ ብርሃንና ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ የሚያስተምር ነጻ ትምህርት ትከታተላለች። ናኖ ማለት ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ የሚያንስ ነገር ነው አለችኝ። እኔም እሷ ካለችኝ በላይ አላውቅም። ትምህርቱን የጨረሱት ልጆች የሠሩትን በስክሪን ለፈታኞች ያሳያሉ፤ ያለፉት ክረምቱን አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ገብተው ይሠራሉ።

የእሷ ቀጠሮ ባለፈው ወር ነበር። ደብዳቤው ዘጠኝ ሰዓት ይላል። አብዱ ከምሳ በኋላ ልጅቱን አልብሶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ስልኩን ፊቷ አቁሞ ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቀ። ፈታኞቹ ግን በፈረንጅ ዘጠኝ፣ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠብቀዋት ሄደዋል። ስትለምናቸው ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጧት፤ ቅዳሜ፣ በእኛ ሦስት ሰዓት። ሦስተኛ ቀጠሮ እንደማይኖር ጽፈውላታል። አብዱም በበኩሉ፣ ይህ ካልሆነ ስልኩ ወደ ሱቁ ይመለሳል ብሏል፤ ስልኩ ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ጭራ ደግሞ ኔትወርክ አንድ ቀን ካለ ሦስት ቀን የለም። ስለዚህ ልጅቱ ጅማ መምጣት ነበረባት። ማንንም ስላላመንኩ ራሴ ሄድኩ።

መናኸሪያ የአጋሮው ሚኒባስ ረዳት፣ "አንድ ሰው ነው የቀረን፣ እማማ፣ ይግቡ!" ብሎ አስገባኝ። ገብቼ ስቆጥር ከእኔ ጋር አራት ነን።

"ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ እንግዲህ። ንዳው" አልኩት።

"አሁን እንወጣለን ኢንሻአላህ።"

ኢንሻአላህ እኔም እላለሁ። ግን ከእኔ የሚጠበቀውን ከሠራሁ በኋላ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ወጣን።

ይቡ ላይ ቡናው ደርሷል። ቀዩ ቡና በጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ የደረሰው ማስጫ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። አንዲት ሴት ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ በገዛ ጥላዋ ላይ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። ሠላሳ ዓመት በቡና መጋዘን ለቃሚዎችን ተቆጣጥሬያለሁ። ፍሬ በጥላ አይለቀምም፤ ብርሃን ያልነካው ጥቁር ፍሬ ደህና መስሎ ያልፋል። ሹፌሩ ቢቆምልኝ ወርጄ ባዞርኳት ነበር። ሊቆም የሚገባው ቦታ ላይ አይቆምም።

አጋሮ መኪና ቀየርኩ። የሟች ባለቤቴ እህት ሐዋ እዚያው አጋሮ ናት። ስመለስ ምሳ እበላለሁ ብዬ ስለላክሁባት ሳልገባ አለፍኩ። ከአጋሮ በኋላ መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከፊት የሄደ መኪና አቧራውን ለእኛ ትቶልን ይሄዳል። ግራና ቀኙ ጫካ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡና። ሹፌሩ ማር ለመግዛት ሦስት ቦታ ቆመ። ሦስቱንም ቀምሶ አንዱንም አልገዛም። ጭራ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ በእኛው ዘጠኝ።

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ጭራ

ኢክራም በር ላይ ጠበቀችኝ። "አኮ!" አለችና አቀፈችኝ። እዚያ አያትን በኦሮምኛ አኮ ነው የሚሉት። የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ኬሚካሉ ነው። ቆዳ ሲነካ ያጠቁራል። እርስዎ እንዳይነኩት።"

ወደ ጓዳ አስገብታ አንዲት ጠርሙስ አሳየችኝ። ውስጧ እንደ ስስ ማር ቢጫ የሆነ ውሃ አለ፤ እስከ አንገቷ አልሞላም። ክዳኗን ስትከፍተው የቡና ቅጠል ሸተተኝ።

"የቡና ቅጠል ፍል ነው" አልኳት።

"ነው። ግን ውስጡ ብር አለ።"

"የታለ?"

"አይታይማ! በጣም ደቅቋል። ብር እንደዚያ ሲደቅ የብር መልኩን ይተዋል፤ ከብርሃኑ ከፊሉን ይዞ ሌላውን ይለቃል፣ ለዚህ ነው ቢጫ የሆነው።"

መስኮቱን ዘጋች። ልጆች ገበያ ላይ የሚገዟትን ቀይ የሌዘር መብራት አውጥታ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ አሻግራ አበራች፤ ውሃው ውስጥ ምንም አልታየም። ከዚያ በጠርሙሷ አሻግራ አበራች። ከአንደኛው ጎን እስከ ሌላው ጎን ቀጥ ያለ ቀይ ክር ተዘረጋ።

"ብሮቹ ናቸው እነዚህ" አለች። "ለየብቻቸው ስለሆኑ ነው። የማይፈለግ ነገር ከገባባቸው ይጣበቁና ቀለሙ ይቀየራል። አንድ ቀን ከቡና መፈልፈያው በታች ያለውን ወንዝ በዚህ ማየት ነው የምፈልገው፤ ውሃው መልካም ይሁን አይሁን ቀለሙ እንዲነግረን።"

የዚያ ወንዝ ውሃ በቡና ወራት እንዴት እንደሚሸት አውቃለሁ።

ኬሚካሉን የሰጣት የትምህርት ቤቷ መምህር ነው፤ በቁም ሳጥኑ የቀረችውን የመጨረሻ ቁንጥር። ማምሻውን ሊሰናበተን መጣና እንዲህ አለኝ፦ "እኔ ያስተማርኳት የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ነው፣ እማማ። ሌላውን እሷ ናት ያስተማረችኝ።" ሰውየው እንደማያውቅ መናገሩ ደስ አሰኘኝ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ መምህር አልገጠመኝም።

አብዱ ደግሞ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ትምህርት ለማውረድ ልጅቱ ኔትወርክ ፍለጋ አራት ጠዋት ጉብታ ላይ እንደምትቆም ነገረኝ። ለእሱ ይህ ትምህርቱ ከንቱ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። እኔ ከንቱ ያልኩት ኔትወርኩን ነው።

ዓርብ፣ ጭራ – አጋሮ

ጠርሙሷን ብርሃን እንዳያበላሻት በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ እንደ አራስ ሕፃን ታቀፈቻት። መኪናው ውስጥ ዝም የሚል ሰው አልነበረም።

"ማር ነው?" አለ አጠገባችን ያለው ሰውዬ።

"ማር እንደዚህ ይታቀፋል? ዘምዘም ነው" አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

"ከጭራ ዘምዘም? አቦ ተይን!"

"ሳይንስ ነው" አለች ኢክራም።

"ይጠጣል?"

"አይጠጣም።"

"የማይጠጣ ነገር ጠርሙስ ውስጥ ምን ያደርጋል?" አለ ሰውዬው፤ መልስም አልጠበቀም። እስከ አጋሮ ድረስ የገዛ ልጁ ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚያይ ነገረን። ኳስ ነው የሚያየው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሐዋ ቤት ገባን። ሐዋ እንግዳ ስታይ ቤቱ የሚጠብባት ሴት ናት፤ ከምድጃ ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ምድጃ። ምሳ በላን። ኢክራም ጠርሙሷን ከጨርቁ ሳትፈታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻት። ዙሁር ለመስገድ ሁለታችንም ወደ ውስጥ ክፍል ገባን። ሰግደን ስንወጣ ሐዋ ጥቁሩን ጨርቅ አጣጥፋ ጠርሙሷን እየወለወለች ነው።

"ሞላሁልሽ" አለቻት።

"ምኑን?" አለች ኢክራም።

"ጠርሙሱን ነዋ! ጎደሎ ዕቃ ይዞ ከቤቴ የሚወጣ የለም። ደግሞ አልጫ ነበር፣ ሽታው ነገረኝ። ጨው ያለውን ከራሴ ማሰሮ ጨመርኩበት።"

"ቀመሱት?" ኢክራም ጮኸች።

"ለሰው የተያዘ ነገር እቀምሳለሁ እንዴ? ምን ዓይነት ልጅ ናት ይህቺ!"

አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ስለ ቅምሻው። ጠርሙሷን ስናይ ግን ቢጫው የለም። አመድ የገባበት ውሃ መስላለች፤ ከታች ዝቃጭ መያዝ ጀምሯል። የአገሩ ሰው የቡና ቅጠል ያለ ጨው አይጠጣም። የእንግዳ ዕቃም ባዶ ወይም ጎደሎ ሆኖ አይሸኝም፤ እኔም ብሆን እሞላ ነበር። ይህን እያወቅሁ ጠርሙሷን ሐዋ መደርደሪያ ላይ የተውኳት እኔ ነኝ።

ኢክራም መሬት ቁጭ አለች። አላለቀሰችም።

"ማሎ፣ እባካችሁ! መድኃኒት ነበር እንዴ? ልተካው፣ ከየት ነው የሚገዛው?" ትላለች ሐዋ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

"አይተካም" አልኳት። አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ አርባ ዓመት የቆየ ዝምድና እዚያው ይፈርስ ነበር።

ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፣ አጋሮ – ጅማ

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። ረዳቱ "አንድ ሰው ቀረን" አለ።

ይቡ ስንደርስ ኔትወርክ መጣ። ኢክራም ስልኳን አውጥታ እስክናልፍ ድረስ አነበበች።

"ጨው ነው አኮ። ጨው ሲገባ ደቃቆቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ብዙ ሲገባ አመድማ ሆኖ ይዘቅጣል ይላል።"

"አሁን ማወቅሽ ምን ይረባል?" አልኳት።

እስከ ጅማ መስኮቱን ስታይ መጣች። ያን ባልል ጥሩ ነበር።

ሰፈራችን ያለው ኢንተርኔት ቤት ለቅዳሜ ቦታ ሊይዝልን ተስማምቶ ነበርና ለማረጋገጥ ገባን። እዚያ የሚሠራው ልጅ ጠርሙሷን አየ፣ የሆነውንም ሰማ።

"ቀላል ነው" አለ። "ሌላ ሰው የሠራውን ቪዲዮ በአምስት ደቂቃ አወርድልሻለሁ። ድምፁን አጥፍተሽ አንቺ ታወሪበታለሽ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው።"

"ሁሉም ማነው?" አልኩት። ክንዷን ይዤ አወጣኋት። በመንገዱ ላይ ስለ ዘመኑ ልጆች ሐቀኝነት ብዙ ተናገርኩ። ይህን የምጽፈው የሚቀጥለውን ደብቄ እንዳላልፍ ብዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ መንደራ ቆጪ

ከፈጅር በኋላ አልተኛሁም። ሻይ አፈላሁ፤ ቀጭን አድርጌ። ሁለት ጊዜ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት፤ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ቀዳሁት። መስኮቱ አጠገብ ይዤው ከትናንት በስቲያ ካየሁት ቢጫ ጋር በልቤ አስተያየሁት። ትንሽ ውሃ ጨመርኩ። በቀለም እኔን የሚያታልል የለም፤ ሠላሳ ዓመት በዚያ እንጀራ በልቻለሁ። ያው ሆነ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ጥቁር ፍሬ እያወቅሁ አሳልፌ አላውቅም ነበር።

ኢክራም ስትነሣ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁላት። አየችው። መጋረጃውን ሳበችና መብራቷን አውጥታ አበራችበት።

"መስመሩ የለም አኮ" አለች።

"እነሱ በስልክ ውስጥ ሆነው አያበሩበትም።"

"እኔ አብርቼበታለሁ።"

ጠርሙሱን ወደ እኔ መለሰችው። "ሳይበርድ ይጠጡት" አለችኝ።

ጠጣሁት። ስኳር እንኳ አልነበረውም።

ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት ተኩል

ኢንተርኔት ቤቱ መብራት የለውም። ልጁ በር ላይ ቆሟል።

"ጄኔሬተር አለኝ ብለህ ነበር" አልኩት።

"አለ እማማ። ነዳጅ ልከናል።"

"መቼ?"

"አሁን።"

ይህንን "አሁን" ከሐሙስ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኢክራም በያዘችው ስልክ ሞከረች፤ አንድ መስመር ይመጣል፣ ይጠፋል። አጠገባችን የቆመ የባጃጅ ሹፌር ሰምቶን ኖሮ፣ "ጅሬን፣ ዳገቱ ላይ ኔትወርኩ ጥሩ ነው፣ እማማ። ግቡ" አለ። ገባን። የዳገቱ አጋማሽ ላይ ባጃጁ ማቃሰት ጀመረ።

"እማማ፣ ትንሽ ቢወርዱልኝ?"

ወርጄ በእግሬ ወጣሁ። ሰባኛ ዓመቴን ያለፍኩት እንዲህ ያለውን ነገር ለማድረግ አልነበረም። ደርሼ ስቀመጥ ለሦስት ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀራል። አንድ ግቢ አጥር ሥር ካለች አቮካዶ ጥላ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የኢክራም ዳታ እንደገና ከዳት። ሹፌሩ ስልኩን አውጥቶ፣ "የእኔን ዳታ ተጠቀሚ፣ ከፍቼልሻለሁ" አለ፤ ራሱም ሊያይ ከኋላችን ቆመ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ሴትና አንድ ወንድ መጡ። ሴትዮዋ በአማርኛ ሰላም አለች። ኢክራም ምን እንደሠራች ተናገረች፣ ጠርሙሷንም አነሣች።

"ደፍርሷል" አለች ሴትዮዋ።

"አዎ። እስከ ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል፣ በእናንተ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ቢጫ ነበር። ሐሙስ ያነሣሁት ፎቶ አለ።"

"ምን ሆነ?"

"አክስቴ ጨው ያለው የቡና ቅጠል ሞላችበት።"

ሹፌሩ አፉን በእጁ ያዘ።

"ለምን?"

"ጎደሎ ዕቃ ከቤቷ አይወጣም።"

ሴትዮዋ ፊቷን ከስክሪኑ ዘወር አደረገች። ስትመለስ ዓይኗን ጠረገች። ሰውየው በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀ። እሷም፣ "እሺ። ከዚያስ?" አለች።

"ከዚያ..." አለች ኢክራም፤ ስክሪኑ ደረቀ። ሴትዮዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ደወልን። ሹፌሩ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሣ። አጥሩ ላይ ወጣ። ባጃጁን አንድ መቶ እርምጃ ወደ ላይ ነዳ፣ አንድ መቶ እርምጃ ወደ ታች ነዳ። አልመጣም። አንድ ዓመት ተምራ፣ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዛ፣ "ከዚያ" ላይ አቆሟት። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተቆርጦብኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ቃል ያናደደኝ ግን የለም።

ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት፣ ቤት

ቤት ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ። ኢክራም ጠርሙሷን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፤ አሁን ብርሃን ቢነካት ግድ የለም። ምሳ አልበላችም፤ እኔም አልለመንኳትም።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፣ ኔትወርክም አብሮ። ስልኳ ጮኸ። እንዲህ ይላል፦ "ከዚያ ካልሽ በኋላ አልሰማንሽም። የቀረውን ጽፈሽ እስከ ማታ ላኪልን።"

ጻፈች። ከመላኳ በፊት አነበበችልኝ፦ "ከዚያ የቆጨኝ ቀለሙ መጥፋቱ ሳይሆን ስንት ጨው እንደገባ አለማወቄ ነው፤ ጨዉን ለክቼ ጥቂት በጥቂት ብጨምር ኖሮ በስንተኛው እንደሚቀየር አውቅ ነበር፤ ያን ካወቅሁ ደግሞ ከወንዝ የቀዳሁት ውሃ ቀለሙን ሲቀይረው ጨው ይሁን ሌላ ነገር መጠየቅ እችላለሁ፤ አሁን ባለው ግን ወንዝ ውስጥ ጨው ቢኖር እንኳ መሣሪያዬ ይሳሳታል።" ይህን የሚያህል ነው የጻፈችው። ሻዩን አልጻፈችም። ላከችው፤ መድረሱን አየን፤ ከዚያ ምሳዋን በላች።

መልሱ የመጣው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ኢክራም ጭራ ተመልሳ ስለነበር ደውላ አነበበችልኝ። ክረምቱን እንጠብቅሻለን ይላል፤ ስትመጪ አክስትሽ ያደረገችውን የጨው መጠን ይዘሽ ነይ፣ ከዚያ እንጀምራለን።

ለአብዱ ስልኩ ወደ ሱቅ አይመለስም አልኩት። ለሐዋ ደወልኩ።

"ያን ዕለት ስንት ጨው ነበር ያደረግሽው?"

"ጨው ይለካል እንዴ? በእጅ ነዋ!"

"በእጅሽ ስንት?"

"እጄ የሚያነሣውን ያህል። አሁንም ስለዚያ ነገር ነው? ይቅር በሉኝ አላልኩም?"

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልጻፍና ልጨርስ። ዘጠኝ ሰዓት የማን ዘጠኝ እንደሆነ ይጠየቃል። "አንድ ሰው ቀረን" ማለት አሥር ሰው ቀርቷል ማለት ነው። ሐዋ ቤት ሲገባ ዕቃ ሞልቶ ነው የሚገባው። ስለ ኢንተርኔት ትምህርት ግን ያለኝ ይኼ ነው፦ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር መምህሩ ይጽፍ ነበር፣ እኔ እገለብጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መብራት አይጠፋም፣ መምህሩም አይቆረጥም ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሰው እንኳ "ከዚያስ?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ኢክራምን የጠየቋት መሐል መንገድ ላይ በሚጠፋ ስልክ ነው። ብስጭቴ አልበረደም፤ ያንን ግን አልክድም።

ትናንት የአጋሮ ሚኒባስ ረዳት በር አንኳኳ። ሐዋ የላከችው አሥር ትንንሽ የወረቀት ጥቅል ይዟል፤ እያንዳንዱ በክር ታስሯል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቁንጥር ጨው አለ። ለማሰሮው አንዴ እንዳነሣችው አድርጋ አሥር ጊዜ አንሥታ ቋጥራዋለች። አሥራ አንደኛው ጥቅል ከፍ ያለ ነው፤ የደረቀ የቡና ቅጠል ነው፣ እስከ አፉ ሞልታዋለች።